በሸክላው ጀርባ ያለው ጩኸት

«ያ ጩኸት!» አለ የሬዲዮው ሰውዬ። «እስቲ ንገሩኝ፣ በሸክላ ላይ እንደዚያ አድርጎ የጮኸ ማን አለ? ዌድ ካልፔፐር ነፍሱን ነው እኮ የተፋው! ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ እዚሁ ሜከን ከተማ፣ ‹ሁለት ዳርቻ› የተባለው ሸክላ የተቀረጸበትን ሃምሳኛ ዓመት ከዳር እስከ ዳር እያደመጥን እናከብራለን። መግቢያው ሠላሳ አምስት ዶላር ብቻ። ራሱ ዌድ ይገኛል!»

ሄርሸል ታርቨር በፔቲግሩ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ግማሽ ፊቱን የሳሙና አረፋ ሸፍኖት፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ተቀምጧል። ነፍሱን ተፋ አለ! ሄርሸል ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በዚያ ሸክላ ላይ ድራም የመታው እሱ ነው። ጩኸቱ የዌድ እንዳልሆነ በሕይወት ካሉት ሰዎች የሚያውቁት ሦስት ናቸው፤ አንዱ እሱ፣ አንዱ ራሱ ዌድ፣ አንዱ ደግሞ የጮኸው ሰው፣ የሄርሸል ታላቅ ወንድም ኤዜል። ኤዜል ቤዝ ጊታር ይጫወት ነበር። የጮኸው ዘፈን አምሮት አይደለም። የባንዱ አለቃ ዌድ የማይክሮፎን ማቆሚያውን ብረት በሁለት እጁ አንስቶ በኤዜል ግራ እጅ ጣቶች ላይ ስላሳረፈበት ነው። የሸክላው ሽፋን ላይ ግን እስከ ዛሬ ድረስ «ጩኸት፦ ዌድ ካልፔፐር» የሚል ጽሑፍ አለ። እንዲህም አድርጎ ሰው ይዘረፋል!

አጠገቡ ባለው ወንበር ፀጉሩን የሚስተካከለው ዴማሪየስ የሚባል የጎሚስታ ቤት ጎረምሳ ነበር። «እኔ ይሄን ዘፈን ስወደው!» አለና ማንም ሳይጠይቀው አፉን ከፍቶ «አአአይይይ!» ብሎ አስመሰለው። ፔቲግሩ ሳቀ። ተራ የሚጠብቁት ሁለቱ ሽማግሌዎችም ሳቁ። ዴማሪየስ ሳቁ ደስ ስላለው ደገመው፤ በዚህኛው ላይ ግራ እጁን በቀኙ ይዞ እንደ ጭፈራ ተወዛወዘ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሄርሸል ራሱም አላወቀም፤ ነጩን ጨርቅ ከአንገቱ ላይ ሳያወልቅ ተነሳና በጥፊ አጮለው። ድምፁ ሬዲዮውን በለጠው። ልጁ ሽማግሌውን በሁለት እጁ ደረቱን ገፍትሮ ከተደረደሩት ወንበሮች ላይ ጣለው። «ፋዘር፣ ዕድሜህ ነው ያተረፈህ! እናቴን እምልልሃለሁ፣ ዕድሜህ ነው!» እያለ ጮኸ። ፔቲግሩ ምላጩን እንደያዘ በመሃላቸው ገባ። «ሚስተር ታርቨር፣ ምን ነካዎት? በሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት ጥፊ አልተሰማም። ይሂዱልኝ። የመላጫውን አስራ ስምንት ዶላርም ይተዉት፣ ብቻ ይሂዱልኝ!» ሄርሸል አረፋውን በእጀታው ጠረገና ግማሽ ጺሙን ይዞ ወጣ።

በእግሩ ነበር የሄደው። ከጥፊው ይልቅ ያስጨነቀው ዘጠኝ ሰዓት የሚባለው ነገር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ያን ቀን ስቱዲዮው ውስጥ ዌድ በገዛ ጊታሩ ያለቦታው ገብቶ ተሳሳተ፤ ኤዜል ደግሞ እየተጫወተ ጥርሱን ብልጭ አደረገ። ሌላ ምንም አላደረገም። ከመስታወቱ ማዶ የዌድ ፍቅረኛ ተቀምጣ ታይ ነበር፣ አየችና ሳቀች። በዚያ ዘመን በዚያ ከተማ ጥቁር ሰው በነጭ አለቃው ላይ ጥርሱን ማሳየቱ አንሶ ሴትም አሳቀበት። ዌድ ጊታሩን አስቀመጠ፣ ብረቱን አነሳ፣ መታው። የስቱዲዮው ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ቀይ መብራቱ ከበራ፣ የመቅረጫው ክር እየዞረ ከሆነ፣ ቤቱ ቢቃጠል ማንም አያቆምም። ቀይ መብራቱ በርቶ ነበር። የድምፅ ባለሙያው ኤዜልን በብብቱ ይዞ እየጎተተ ሲያወጣው፣ ደሙ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ፣ ሄርሸል ድራሙን ይመታ ነበር። ኦርጋን የሚጫወተው ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚጫወት ምንም አላየም፤ ሄርሸል ግን አይቷል። እያየ መታ። ያውም በሕይወቱ መትቶት በማያውቀው አኳኋን መታ! ከዚያ ዌድ ተመልሶ ጊታሩን አነሳና ገባበት፣ ዘፈኑም አለቀ።

ማታ ሄርሸል ሐኪም ቤት ሊጠይቀው ሲሄድ፣ ኤዜል እጁ በጄሶ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «አንተስ ምን አደረግክ?» አለው። ሄርሸል «እንጨቶቹን ወረወርኩና ማንቁርቱን ያዝኩት፤ ሦስት ሰው ነው ያላቀቀኝ» አለ። እንዴት እንደወጣው አያውቅም፣ ብቻ አለ። በሳምንቱ ኀፍረቱን መሸከም ስላቃተው ባንዱን ለቀቀ፤ መልቀቁም ውሸቱን እውነት አስመሰለው። ኤዜል ዳግመኛ ቤዝ አልነካም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዳ። የመጀመሪያ ልጁን ሄርሸል ብሎ ሰየመው። «አጎትህ ለእኔ ብሎ እንጀራውን የጣለ ሰው ነው» እያለ አሳደገው። ሸክላውን ግን አንድ ቀን አልሰማውም፤ የሆነ ቦታ ከተከፈተ ተነስቶ ይወጣል፣ ጠባዩን የሚያውቁትም ያጠፉለታል። ያ ጩኸቱ ያለበት የመጨረሻ ዘፈን ደግሞ ዘጠኝ ደቂቃ ስለሆነ ሬዲዮ አያጫውተውም። ሄርሸል ሃምሳ ዓመት ሙሉ የኖረው በዚህች ብቻ ነው። ዘፈኑን የሰማ ሙዚቀኛ፣ ድራሙ ለቅጽበት እንኳ እንዳልተቋረጠ ያውቃልና።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከጺም መላጨት በኋላ ምሳ ኤዜል ቤት ነው። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ቤት ናት፤ ሶፋው ላይ ሟቿ ሚስቱ ቨርሊን ያለበሰችው ፕላስቲክ ዛሬም አልተነሳም፣ ሰው ሲቀመጥበት ይጮሃል። ግድግዳው በልጆች ፎቶግራፍ ሞልቷል፤ ሬዲዮ የለም፣ ቴፕ የለም፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ ጽሑፍ ብቻ ያሳያል። ማቀዝቀዣው ሲያጓራ ብቻ ነው ቤቱ ሰው ያለበት የሚመስለው። ሄርሸል በሩን ሲከፍት ኤዜል የተጠበሰ አሳና የበቆሎ ገንፎ ጠረጴዛ ላይ አቅርቦ ቆሟል። ለብሷል። ለቨርሊን ቀብር የለበሰውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሷል።

«ጺምህን ምን አገኘው?» አለ ኤዜል።

«ፔቲግሩ አሞት አቋረጠ።»

«ብላ፣ ከዚያ እንሄዳለን።» ከደረት ኪሱ የራሱን ትኬት አውጥቶ ሳህኑ አጠገብ አኖረው። «ሠላሳ አምስት ዶላር! በኛ ጊዜ በሠላሳ አምስት ዶላር ሸክላውን ከነዘፋኙ ይሰጡህ ነበር።» ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ቀኝ ጆሮውን በተጣመሙት የግራ እጁ ጣቶች ነካ። «ሐኪሙ ቀኙ አልቆለታል አለኝ። ግራውም ገናን አይሻገርም። እና አሰብኩበት። የራሴን ጩኸት መስማት እፈራ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን እፈራ ነበር። አሁን ግን አንተን ነው መስማት የምፈልገው። እንጨቶቹን የጣልክበትን። ወለሉ ጣውላ ነበር እኮ፣ ሲወድቁ ይሰማል አይደል?»

ሄርሸል ሹካውን አስቀመጠ። አሁን መናገር ይችላል። ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በሩ ዝግ። ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል?

«ኤዜል» አለ።

«ወዬ።»

«አሳው ጨው ያንሰዋል።»

«የራስህ ደም ግፊት ነው ጨው ያስከለከለን» አለ ኤዜልና ሳህኖቹን አነሳ።

ሄርሸል መኪናህ አይነሳም አለ፤ ኤዜል ታክሲ እንጠራለን አለ። ራሴን አሞኛል አለ፤ ኤዜል አርፈህ ተኛ፣ እኔ ሄጄ እነግርሃለሁ አለ። ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? የኤዜልን አሮጌ መኪና ሄርሸል ነዳ። እየነዳ በግራ በቀኝ የሚያየው ግንብና የመብራት እንጨት ብቻ ነበር። ባጋጨው ምን ይሆናል? ቀስ ብዬ፣ ማንም ሳይጎዳ? አሳቡ አስደነገጠው፤ ሲያስደነግጠውም አልተወውም። ቲያትር ቤቱ ሊደርሱ አራት መስቀለኛ መንገድ ሲቀራቸው፣ ቀይ መብራት ያስቆመው ትልቅ ፒክአፕ ከፊታቸው ነበር። ሄርሸል ፍሬኑን ለቀቀ። ነዳጁንም ረገጠ። የፊት መብራታቸው ተሰባበረ፣ ኤዜል ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር አጋጨ፤ ከፒክአፑ ክንዱ የሰው ጭን የሚያክል ጎልማሳ ወርዶ መጣ።

«ዕውር ነህ? ሰውዬ፣ አንተን ነው! ዕውር ነህ ወይ?»

«አዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፖሊስ ይጠራ» አለ ሄርሸል፣ ደስ ያለው ይመስል ነበር። «ተረጋግተን እንጠብቅ። ሁለት ሰዓትም ቢፈጅ እንጠብቃለን።» ይህን ሲል ከንፈሩ ላይ ፈገግታ መምጣቱ አልታወቀውም። ሰውየው ግን ታየው። ኮሌታውን ይዞ በመስኮት ከጎተተው በኋላ አፍንጫውን በቡጢ አለው፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ። የሄርሸል ሸሚዝ እስከ ሆዱ ድረስ ደም ሆነ። መንገደኛ ተሰብስቦ «ተው፣ ሽማግሌ ነው!» እያለ ሰውየውን ከላዩ ላይ አነሳለት። ኤዜል በወዲያኛው በር ወርዶ ዞሮ መጣና መሐረቡን አውጥቶ ለወንድሙ ሰጠው። ከዚያ ሰዓቱን አየ። «አልተሰበረም፣ ደሙ ይቆማል። እኔ በእግሬ ልቅደም፤ አንተ ጨርሰህ ድረስብኝ» አለ። ባርኔጣውን አስተካክሎ፣ ግንባሩ ላይ ያበጠውን ሳይነካ፣ በእግረኛ መንገዱ ጥግ ጥግ ሄደ። ፖሊስ እስኪመጣ፣ ወረቀት እስኪሞላ አንድ ሰዓት አለፈ። ሄርሸል ስሙን ሲጠይቁት ሁለት ጊዜ ኤዜል ብሎ ተሳሳተ።

ደጃፉ ላይ ሲደርስ የሸክላው የመጀመሪያ ገጽ አልቋል። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ የሸሚዙን ደም አይታ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ሁለት ሃያ ዶላር ወርውሮላት መልሱን ሳይጠብቅ ገባ። አራት መቶ የሚሆን ሰው አለ፤ ሸበቶ ነው፣ ቦርጫም ነው፣ ነጭም ጥቁርም ነው፣ በዘጠኝ ዶላር የተገዛ ቢራ ይዟል። መድረኩ ላይ ሸክላ ማጫወቻ፣ ግራና ቀኝ የሰው ቁመት የሚያክሉ ድምፅ ማጉያዎች፣ በመሃል አንድ ወንበር፤ በወንበሩ ላይ ዌድ ካልፔፐር፣ አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ያለበት፣ የደረቀ። ኤዜል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው። በስተግራው ማጉያው ነው፣ በስተቀኙ አንድ ባዶ ወንበር አለ። ሄርሸል እዚያ ተቀመጠ።

ጉዱ እንግዲህ ይሄ ነው፤ ሄርሸል ይህን ሸክላ ይወደዋል። ማንም ሳያየው፣ ምድር ቤት ወርዶ፣ ሃምሳ ዓመት ሰምቶታል። የዌድ ጊታር የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻዋን የምታለቅስ ሴት ይመስላል፤ ከሥሩ ደግሞ የኤዜል ቤዝ ይመጣል፣ ለልቅሶው ግድ የማይሰጠው፣ ወገቡን ይዞ የሚያሽኮረምም፣ ሙሾውን ወደ ዳንኪራ የሚጎትት። የነጮቹ የተራራ ዘፈንና የጥቁሮቹ የቅዳሜ ምሽት ጭፈራ እንደዚያ ሆነው ሲገናኙ ማንም ሰምቶ አያውቅም ነበር። ከውጭ በአንድ ጠረጴዛ የማይበሉ ሰዎች ውስጥ ገብተው አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ይጠብቁ ነበር። ኤዜል አንዲት ኖታ ያዘገያል፣ ሄርሸል ትንሹን ከበሮ ያዘገይለታል፣ ዌድ በመሃላቸው ሾልኮ ያልፋል። እውነት ነው፣ ዌድ አውሬ ነው፤ ጊታሩ ግን ውብ ነው። ሄርሸል ሁለቱን ማስታረቅ አቅቶት ነው ያረጀው። አሁን ወንድሙን በሰያፍ አየው። ኤዜል ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ግራ ጆሮውን ወደ ማጉያው ሰጥቶ፣ የራሱን የሃያ ስድስት ዓመት ጣቶች እየሰማ ነው። እንባው ይወርዳል፣ አይጠርገውም። ፊቱ ላይ ያለው ግን ደስታ ነበር።

ያ ደስታ ነው ሄርሸልን የሰበረው። የመጨረሻው ዘፈን ሲጀምር ወደ ወንድሙ ጎንበስ አለ። «ኤዜል፣ ዋሽቼሃለሁ» አለ። «አልጣልኳቸውም። አላነቅኩትም። አየሁህ፣ ዝም ብዬ መታሁ። ቀይ መብራቱ በርቶ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ፈራሁ፣ ደግሞ ምቱ ያማረ ነበር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ያማረ ነበር።» ሁሉንም ተናገረ። ሃምሳ ዓመት የከበደው ነገር ለካ ይህን ያህል አጭር ነው። ኤዜል ፊቱን አላዞረም፤ ጣቱን ብቻ አንስቶ ዝም እንዲል ምልክት ሰጠው። የተናገረው ለሞተው ጆሮ መሆኑ ሄርሸል የገባው ያኔ ነው።

ይህን ሸክላ የሚወዱ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ጩኸቱ ሲደርስ ሁሉም አብሮ ይጮሃል፣ ከዚያ በአንዴ ጸጥ ይልና ድራሙን ያደምጣል። ቤዙ መሃል ላይ ተቆረጠ፤ አራት መቶ ሰው ተነስቶ፣ ቢራውን ወደ ላይ አንስቶ፣ እየሳቀ «አአአይይይ!» አለ። አራት መቶ ሰው የኤዜልን ጣቶች ስቃይ ጮኸው። ባልና ሚስት ተቃቅፈው ጮኹ። መድረኩ ላይ ዌድ ቱቦውን እያስተካከለ እጁን አውለበለበ። ኤዜል ሁለት እጁን ጭኑ መሃል ከቶ ኩርምት አለ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ፣ ማንም አልሳለም፣ ማንም አልተነፈሰም፤ በጸጥታው ውስጥም ድራሙ መጣ። አልተደናገጠም፣ አልተሰናከለም። ትልቁ ከበሮ እንደ ልብ ይመታል፣ ትንሹ በላዩ ላይ ይጨፍራል፣ የድራሙ የነሐስ ሳህን ይፍለቀለቃል። ኤዜል ጠበቀ። እንጨት ሲወድቅ ጠበቀ። አራት ዙር አለፈ፣ ስምንት ዙር አለፈ፤ እግሩ ሳያስበው ምቱን መያዝ ጀመረ፣ ሙዚቀኛ ነውና። አስራ ስድስተኛው ዙር ላይ የዌድ ጊታር ተመልሶ ገባ።

ኤዜል ቀስ ብሎ ወደ ወንድሙ ዞረ። ደም የደረቀበትን አፍንጫ፣ ግማሹን የተላጨውን ፊት ለረጅም ጊዜ አየው።

«አንዲት ምት እንኳ አላጎደልክም» አለ።

ሌላ ነገር ቢለው፣ ቢሰድበው፣ ምራቁን ቢተፋበት ሄርሸል በተቀመጠበት በቀረ። ተነሳ። የሰው ጉልበት እየረገጠ ወደ መድረኩ ሮጠ፤ በሰባ ሦስት ዓመቱ መድረኩ ላይ በደረቱ ተሳበ። የዌድ ካልፔፐርን ማንቁርት በሁለት እጁ ያዘው። የአሮጌ ሰው አንገት ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በእጁ ውስጥ ይንሸራተታል። ወንበሩ ከነሰውየው ተገለበጠ፣ ቱቦው ተነቀለ፣ ሄርሸል በላዩ ወድቆ አነቀው። «እይ!» እያለ ይጮህ ነበር። «ኤዜል፣ እይ! ያዝኩት፣ ይኸው ያዝኩት!» ዌድ ዓይኑ ተጎልጉሎ «ማን ነህ? ማን ነህ አንተ?» ይላል፤ እውነትም አላወቀውም። ሦስት ጥበቃዎች ደረሱ። አንዱ በጫማው ጎድኑን መታው፣ አንዱ ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ የሆነ ነገር ቀጭ አደረገው፣ ሦስተኛው በጉልበቱ አንገቱ ላይ ወጣበት። ሄርሸል ጮኸ። እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ከአዳራሹ ግማሹ የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ፣ ግማሹ እየተገፋፋ ወደ በሩ ሮጠ፤ መርፌውን ከሸክላው ላይ ማንሳት ማንም ትዝ አላለውም።

ጉንጩ ከመድረኩ ጣውላ ጋር ተጣብቆ፣ በሰዎቹ እግር መሃል ሦስተኛውን ረድፍ ፈለገ። ኤዜል ከቦታው አልተነሳም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግራ ጆሮውን ወደ ማጉያው አስጠግቶ፣ በእግሩ ምቱን ይዞ ያዳምጣል። ሄርሸል ስሙን ጠራ። ሁለተኛ ጠራው። የጠባቂው ጫማ እንደገና ጎድኑ ላይ ሲያርፍ ሦስተኛ ጠራው። ኤዜል እስከ መጨረሻዋ ኖታ ሰማ፤ ከዚያ ባርኔጣውን አደረገና በጎን በኩል ባለው በር ወጣ።